ረጅም የሒሳብ ሠንጠረዥን በየረድፉ ስለ ማንበብ

የአንድ ዓመት ሽያጭ የተመዘገበበትን ፋይል ሲከፍት ኮምፒዩተሩ ደርቆ የቀረበት ጸሐፊ ብዙ ነው፤ በእኔም ደርሷል። አንድ የኤክሴል ገጽ ከ1,048,576 ረድፍ በላይ ስለማይዝ፥ ከዚህ የበለጠው መዝገብ በሌላ ዘዴ መነበብ ይኖርበታል።

ዘዴው ለነጋዴ እንግዳ አይደለም። መጋዘን ሙሉ ቡና የሚመዝን ሰው ጆንያዎቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ በሚዛን ላይ አይቆልልም፤ አንዱን መዝኖ ከጻፈ በኋላ አውርዶ ሌላውን ያነሣል። የመጀመሪያ ደንቡ እ.ኤ.አ. በ1990 ዓ.ም. የወጣው ሐስኬል የተባለው የፕሮግራም ቋንቋም፥ «ካሳቫ» ከተባለው አጋዡ ጋር ሆኖ እንዲሁ ሊሠራ ይችላል፤ ይኸውም አንዱን ረድፍ አንብቦና ደምሮ ይለቀዋል። ፋይሉ ቢረዝም እንኳ ሚሞሪው አይጨናነቅም። ነገር ግን ሦስት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ።

1ኛ/ ኮማ ሁሉ ዓምድ አይለይም። የዕቃው ስም፥ ኩንታሉና ብሩ «"ጤፍ, ነጭ",12,150000» ተብሎ ቢመዘገብ፥ በኮማ ብቻ የሚቆርጥ ፕሮግራም ሦስተኛው ዓምድ ላይ በ150,000 ብር ፈንታ 12 ያገኛል። በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ያለው ኮማ የስሙ ክፍል መሆኑን ካሳቫ ያውቃል፤ ስለዚህ መቁረጡን ለእርሱ መተው ይገባል።

2ኛ/ ሐስኬል ሥራን እስኪጠየቅ ድረስ የማቆየት ጠባይ አለው። ድምሩን በየረድፉ እንዲሠራ ካልታዘዘ፥ እያንዳንዱን መደመር እንደ ዱቤ ያከማቻል፤ የተከማቸውም ዱቤ ሚሞሪውን ይሞላዋል። ለዚህ መድኃኒቱ «ፎልድኤል» ከተባለው ትእዛዝ በስሙ መጨረሻ ጭረት ያለበትን መምረጥ ነው።

3ኛ/ ከሁሉ የሚከፋው ድምፅ የሌለው ጉድለት ነው። ካሳቫ በየተራ ያነበባቸው ረድፎች በዚህ ትእዛዝ በጥቅል ሲደመሩ፥ ወደ ቁጥር ሊለወጥ ያልቻለው ረድፍ ሳይነገር ይታለፋል። በ«150000» ፈንታ «150ሺህ» ተብሎ ቢጻፍ ድምሩ በዚያው ልክ ይጎድላል፤ ማስጠንቀቂያም የለም። ስለዚህ ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ረድፍ ለይቶ እንዲመረምር፥ ስሕተት ያለበትንም ከነተራ ቁጥሩ እንዲመዘግብ መታዘዝ አለበት።

በጎደለ ድምር ግብሩን ያሳወቀ ነጋዴ ማሽኑን ዋስ አድርጎ ሊጠራው አይችልም። ስለዚህ ክቡራን ነጋዴዎች፥ ከአርእስቱ በቀር የተደመሩትና የተጣሉት ረድፎች በአንድነት ከፋይሉ ረድፎች ቁጥር ጋር ካልተስተካከሉ፥ በድምሩ ላይ አትፈርሙ።