ሒሳብንና የፍጥረትን ጠባይ በመለካት ስለ ማስተማር

በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተቀመጡት ተማሪዎች ግማሹን ነጥብ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ መሆናቸው በተነገረ ጊዜ፥ ብዙ ሰው በልጆቹ ስንፍና አመካኘ። እኛ ግን ፍርዱን አናቸኩልም። በነቀምቴና በወለጋ ከተሞች ያለ ልጅ ሒሳብንና ሳይንስን እስከ 8ኛ ክፍል በኦሮምኛ ሲማር ቆይቶ፥ በ9ኛው ክፍል ያንኑ በእንግሊዝኛ ይቀበላል። ቃሉን ብቻ በአፉ ይዞ የመጣ ልጅ በዚህ መሻገሪያ ላይ ጓዙ ሁሉ ይወድቅበታል፤ ነገሩን ለክቶ ያየ ግን አዲስ ስም ብቻ ይጨመርለታል።

በነቀምቴ ቡርቃ ጃቶ የሚባል ሰፈር አለ፤ ቡርቃ በኦሮምኛ ምንጭ ማለት ነውና ከውሃ እንጀምር። መጽሐፉ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ይላል፤ ልጁም እንደ ዳዊት ይደግመዋል። የሙቀት መለኪያው በሚፈላው ውሃ ውስጥ ቢገባ ግን በነቀምቴ ከ93 ዲግሪ እምብዛም አያልፍም። መጽሐፉ አልዋሸም፤ የተናገረው በባሕር ዳር ስላለው አየር ነው። ከተማዪቱ ከባሕር ወለል ከ2000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለ ሆነች፥ በላይዋ ያለው አየር አነስተኛ ነው፤ ውሃውን የሚጫነው ክብደት ስለሚቀል ቀደም ብሎ ይፈላል። ባቄላ በደጋ ለመብሰል የሚዘገየውም ስለዚህ ነው፤ እናቶች መዘግየቱን ከመምህሩ በፊት ያውቁታል። እንግዲህ 93 የጻፈውን ልጅ ተሳስተሃል ብሎ 100 የሚያስጽፍ መምህር የልጁን ዓይን አሳወረ ማለት ነው።

የሙቀት መለኪያ የሌለው ትምህርት ቤት አንድ ሜትር ቀጥ ያለ ዘንግ በግቢው ይትከል። ጥላው ከሁሉ የሚያጥርበት ጊዜ ቀትር ነው፤ ይኸውም በነቀምቴ በ6 ሰዓት ከ30 አካባቢ ነውና የ6 ሰዓቱን ደወል አትመኑ። በታኅሣሥ አጋማሽ የቀትር ጥላ ወደ ሰሜን 64 ሳንቲሜትር ያህል ይሆናል። እያጠረ ሄዶ በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት ፈጽሞ ይጠፋል፤ በግንቦት መጨረሻም ወደ ደቡብ ዞሮ 24 ሳንቲሜትር ያህል ይደርሳል። ልጆች በየሳምንቱ ለክተው በደብተራቸው ቢጽፉ፥ ክፍልፋይንም ንጽጽርንም የምድርን ማዘንበልም ከአንድ ዘንግ ይማራሉ። በጐኑ ጥላን በኦሮምኛ ጋዲዱ፥ በእንግሊዝኛ ሻዶው ብለው ይጻፉ፤ ደብተሩም እስከ 9ኛ ክፍል አብሮ ይሂድ።

የአገር ሽማግሎች ሆይ፥ በዚህ ሥራ እናንተም ድርሻ አላችሁ። ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ በክፍሉ ገብቶ ያሳይ፤ የ2018 ዓመተ ምሕረት ዓመተ ዓለም 7518 ነው፥ በ19 ሲገደፍ 13 ይቀራል፥ ከዚህ 1 ሲነሣ ወንበሩ 12 ይሆናል። ልጁ ቀሪ ያለው ማካፈል ጾምና በዓል የሚወጣበት መሆኑን ያያል። ቡና ነጋዴውም ሚዛኑን ለአንድ ቀን ያውስ። ፈረሱላ 17 ኪሎ ነውና፥ በአንድ ኩንታል ውስጥ ስንት ፈረሱላ አለ ብሎ ይጠይቅ፤ 5 ፈረሱላ ብሎ የተረፈውን 15 ኪሎ የረሳ ልጅ ቢኖር፥ የቡናው ባለቤት ራሱ ያስታውሰዋል።