ካዝሚርን ታውቁታላችሁ?

ዛሬ በትምህርት አምዳችን ብዙዎቻችን የማናውቃቸውን ፍራፍሬዎች እናስተዋውቃችኋለን።

መነሻችን በክፍላችን የሆነ ነገር ነው። ከኮምቦልቻ በኩል የመጣች አዲስ ተማሪ በእረፍት ሰዓት ከቦርሳዋ አረንጓዴ ክብ ፍሬ አወጣች። «ጥሬ ብርቱካን ልትበላ ነው!» ብለን ሳቅንባት። እኔም ከሳቁት አንዷ ነበርኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብቻዋን ከክፍል ጀርባ ሄዳ መብላት ጀመረች።

የሳይንስ መምህራችን ይህን ሲሰሙ ፍሬውን አምጥታ እንድታሳየን ጠየቋት። ለካ ካዝሚር ይባላል! ውስጡ ነጣ ያለ፣ ለስላሳና በጣም ጣፋጭ ነው። ትልልቅ ዘሮች አሉት፤ ዘሩ ግን አይበላም።

እኛ ለምን አላወቅነውም? መምህራችን እንዲህ አስረዱን። ደሴ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች ትበርዳለች። ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ ከፍታው ወደ 1850 ሜትር ዝቅ ይላል፣ አየሩም ይሞቃል። ፓፓያና ማንጎ ሙቀት ስለሚወዱ ደሴ አይስማማቸውም። ስለዚህ አንዱ አካባቢ የለመደውን ፍሬ ሌላው ላያውቀው ይችላል።

ካዝሚር መጀመሪያ የተገኘው በሜክሲኮና በመካከለኛው አሜሪካ ነው። እንግዳ ነው ብለን ሳቅንበት እንጂ ድንች፣ ቲማቲምና በርበሬም የመጡት ከዚያው ከአሜሪካ አህጉር ነው። ድንችን ወደ አገራችን ያስገባው ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ነው፤ ጊዜውም 1858 እ.ኤ.አ. ነበር። እስቲ ወጣችን ያለ በርበሬ ምን ይመስል ነበር?

እነዚህንም እወቋቸው፦

1. በለስ፦ እሱም ከሜክሲኮ የመጣ ነው። ልጣጩ ላይ ጥቃቅን እሾህ ስላለው በባዶ እጅ አትንኩት።

2. ቁርቁራ፦ የቆላ ዛፍ ነው። ፍሬው ትንሽና ክብ ሲሆን መሃሉ ላይ አንድ ጠንካራ ዘር አለው።

3. አጋም፦ እሾሃማ ቁጥቋጦ ነው። ፍሬው ቀይ ሲሆን ገና ጥሬ ነው፤ የሚበላው ሲጠቁር ነው።

ጥንቃቄ! ያማረ ፍሬ ሁሉ አይበላም። እምቧይ ቢጫ ሆኖ ሲያዩት ያስጎመጃል፤ ግን መርዝ አለው። የማታውቁትን ፍሬ ትልቅ ሰው ሳትጠይቁ አትቅመሱ። የሚበላውንም አጥባችሁ ብሉ።

በመጨረሻ ጓደኛችንን ይቅርታ ጠየቅኳት። «አብሽሪ» አለችኝና ከካዝሚሩ ቆርሳ ሰጠችኝ። አሁን በእረፍት ሰዓት አብረን ነው የምንበላው።

መልመጃ፦

ሀ. ማንጎ ደሴ ላይ የማይስማማው ለምንድን ነው?

ለ. አያቶቻችሁን ጠይቁ፦ በልጅነታቸው ለቅመው የሚበሉት የዱር ፍሬ ምን ነበር? ዛፉ ዛሬም አለ? መልሱን ለሚኒ ሚዲያ ክበብ አምጡ፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።

ቸር እንሰንብት!