በአምቦና በምዕራብ ሸዋ ከተሞች ለመኖሪያ ቤት የደኅንነት ካሜራዎች የሚሆኑ የኢንተርኔት ግንኙነት አማራጮች

መነሻ

ባለፈው ክረምት ጊንጪ ከተማ ውስጥ ከሚኖሩ የጸሐፊው ዘመድ ግቢ አንድ የውሃ መሳቢያ ሞተር በሌሊት ተሰረቀ። በግቢው ሁለት ካሜራዎች ነበሩ። ሁለቱም በዋይፋይ ከራውተር ጋር የተገናኙና ምስላቸውን ክላውድ ላይ ብቻ የሚያስቀምጡ ነበሩ። በዚያች ሌሊት መብራት ሲጠፋ ራውተሩም ካሜራዎቹም አብረው ጠፉ። ማለዳ የባለቤቱ ስልክ ያሳየው ግንኙነቱ የተቋረጠበትን ሰዓት ብቻ ነበር።

ካሜራ ለመግጠም የሚያስብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው “የትኛው ኢንተርኔት ይሻላል?” ብሎ ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ጥያቄው በሌላ ቅደም ተከተል መነሣት እንዳለበት ነው፤ ይኸውም መጀመሪያ ግንኙነቱ በተቋረጠ ጊዜ ምስሉ የት ይቀራል? ቀጥሎ ደግሞ ግንኙነቱ ባለ ጊዜ ምን ያህል ምስል መላክ ያስፈልጋል? የመስመሩ ምርጫ ከእነዚህ ሁለት መልሶች በኋላ የሚመጣ ነው። በጽሑፉ የሚገኙት ስሌቶች የጸሐፊው ናቸው።

የመላኪያ ፍጥነት

የቤት ኢንተርኔት ሲሸጥ በአብዛኛው የሚነገረው የመቀበያ ፍጥነቱ ነው፤ ካሜራ ግን ላኪ ነው። ባለ 1080 ፒክስል ጥራት ያለው አንድ ካሜራ በኤች 264 የምስል መጭመቂያ በግምት 2 ሜጋ ቢት በሰከንድ፣ በኤች 265 ደግሞ ወደ 1 ሜጋ ቢት ገደማ ይፈልጋል። በአንድ ሜጋ ቢት ሳያቋርጥ የሚልክ ካሜራ በቀን 10.8 ጊጋ ባይት፣ በወር 324 ጊጋ ባይት ይልካል። በሁለት ሜጋ ቢት ሲሆን አሃዙ በእጥፍ ያድጋል። ይህ ለአንድ ካሜራ ብቻ ነው፤ አንድ ግቢ ግን ቢያንስ በሩንና ጓሮውን ማየት ይፈልጋል።

በመዳብ የስልክ መስመር የሚመጣው ኤዲኤስኤል በተፈጥሮው ለመቀበል የተሠራ ነው። ኤዲኤስኤል 2 ፕላስ የተባለው ደረጃ እንኳ በመቀበል እስከ 24 ሜጋ ቢት ሲደርስ በመላክ ከ1.4 ሜጋ ቢት እምብዛም አያልፍም፤ ቤቱ ከስልክ ማዕከሉ በራቀ ቁጥርም ፍጥነቱ ይቀንሳል። ስለዚህ በመዳብ መስመር ላይ ሁለት ካሜራዎችን ሳያቋርጡ ወደ ክላውድ እንዲልኩ ማድረግ ቴክኒካዊ ስህተት ነው። በዚያ ላይ የመዳብ ሽቦ መብረቅ የሚያስከትለውን የኤሌክትሪክ ግፊት ወደ ቤት ይዞ ይገባል፤ ክረምቱ በሚበረታበት በዚህ አካባቢ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ፋይበር እስከ ቤት የደረሰለት ሰው ከዚህ ችግር ሁሉ የተገላገለ ነው፤ ስለ እሱ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ነገር ግን የፋይበር መስመሮች በአብዛኛው ዋና መንገድን ተከትለው ስለሚዘረጉ፣ ከሆለታ በአዲስ ዓለም፣ በጊንጪ፣ በአምቦና በጉደር አድርጎ ወደ ጌዶና ባኮ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ ቤት ያለው ዕድል ከመንገዱ ገባ ብሎ እንደሚገኝ ቤት አይደለም።

የሞባይል መስመርና ገደቦቹ

ለብዙ ቤቶች የሚቀረው አማራጭ ሲም ካርድ የሚቀበል ራውተር ነው። ገመድ አይፈልግም፤ ቤት ሲቀየርም አብሮ ይሄዳል። እስከ 2015 ዓ.ም. መግቢያ ድረስ በአገሪቱ የነበረው ኦፕሬተር ኢትዮ ቴሌኮም ብቻ ነበር፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ግን የሁለቱም ሽፋን በሚደርስበት ቦታ ሁለት ሲም የሚቀበል ራውተር መጠቀም ይቻላል። ራውተሩን ከመግዛት በፊት በሚቀመጥበት ስፍራ፣ ምሽት ከአንድ እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ፣ በስልክ የመላኪያ ፍጥነትን መለካት ይገባል። ቀን የሚለካ ሰው የሚያገኘው ቁጥር ሌሊቱን አይወክልም።

የሞባይል መስመር ሁለት ገደቦች አሉት። አንደኛው የዳታ ወጪ ነው። ካሜራው እንቅስቃሴ ሲያይ ብቻ አሥራ አምስት ሰከንድ የሚረዝም ምስል እንዲልክ ቢደረግ፣ በ2 ሜጋ ቢት አንዱ ቅንጭብ 3.75 ሜጋ ባይት ይሆናል። በቀን አርባ ጊዜ ቢላክ 150 ሜጋ ባይት፣ በወር 4.5 ጊጋ ባይት ነው። ሳያቋርጥ ከመላክ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ከመቶ እጥፍ በላይ ነው። አርባው ግን ዶሮና ጥላ ሁሉ ካልተቆጠሩ ነው፤ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ፊት ለፊቱ የሚወዛወዝበት ካሜራ በአንድ ነፋሻ ቀን የሳምንቱን ዳታ ሊጨርስ ይችላል።

ሁለተኛው ገደብ የአድራሻ ነው። በሞባይል ኔትወርክ ብዙ ደንበኞች አንድ የአይፒ አድራሻ ስለሚጋሩ፣ ባለቤቱ ከውጭ ሆኖ በቀጥታ ወደ ካሜራው መግባት አይችልም። ስለዚህ አብዛኞቹ ካሜራዎች በአምራቹ ሰርቨር በኩል ይገናኛሉ። ይህ ምቹ ቢሆንም የግቢው ምስል ከአገር ውጭ ባለ ኮምፒውተር ያልፋል ማለት ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ከአገር ውጭ የሚተላለፍ መረጃን የሚመለከቱ ድንጋጌዎች ስላሉት፣ ጉዳዩ የሕግ ትምህርት ክፍል ባልደረቦቻችንንም ሊስብ ይገባል። በፋብሪካ የተሰጠውን የይለፍ ቃል አለመቀየር ደግሞ የባሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ጎጂ ሶፍትዌር እጅግ ብዙ ካሜራዎችንና መቅጃዎችን የተቆጣጠረው በእንዲህ ዓይነት የይለፍ ቃሎች ነበር።

መቋረጥን እንደ ዋና ሁኔታ መውሰድ

የውጭ አገር የአገጣጠም መመሪያዎች የኢንተርኔት መቋረጥን አልፎ አልፎ እንደሚያጋጥም እክል ይቆጥሩታል። በእኛ አካባቢ ግን ንድፉ ከዚያ መነሣት አለበት። ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግሥት፣ ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ በመላ አገሪቱ የተቋረጠው ኢንተርኔት ለሳምንታት አልተመለሰም። የድምፃዊው የትውልድ ከተማ አምቦ በእነዚያ ቀናት ምን ዓይነት ጭንቀት ውስጥ እንደነበረች ማስታወስ ለሚችል አንባቢ፣ ቤት ጥበቃን ሙሉ በሙሉ ክላውድ ላይ መጣል ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። በዚያው ዓመት ቀደም ብሎ ከምዕራብ ሸዋ ጋር በሚዋሰነው የወለጋ አካባቢ የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ዳታ ሲቋረጥ በአጭር የጽሑፍ መልእክት የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ ሊረዳ ይችላል፤ የስልክ አገልግሎቱም አብሮ ሲቋረጥ ግን እሱም ዝም ይላል። ውሻ በዚህ ረገድ ከሁሉም ይሻላል።

በመሆኑም ቀረጻው በቤቱ ውስጥ መቀመጥ አለበት። 128 ጊጋ ባይት የሚይዝ ሜሞሪ ካርድ በ1 ሜጋ ቢት የሚቀርጽ ካሜራን ወደ አሥራ አንድ ቀን ገደማ ያህል ያገለግላል፤ ከዚያ በኋላ አሮጌው ምስል እየጠፋ በአዲስ ይተካል። ያም ሆኖ ኢንተርኔት ትርፍ ነው ማለት አይደለም። ሌባ ካሜራውን ነቅሎ ከወሰደ ካርዱም አብሮ ይሄዳል። ከግቢ የወጣው የአሥራ አምስት ሰከንድ ቅንጭብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ የግንኙነቱ ትክክለኛ ሥራም ይህና ማስጠንቀቂያው ናቸው። ለዚህ ደግሞ መጠነኛ የሞባይል መስመር ይበቃል።

ካርድም ሆነ ራውተር ያለ ኃይል አይሠራም። እያንዳንዳቸው 5 ዋት የሚፈልጉ ሁለት ካሜራዎችና 8 ዋት የሚወስድ ራውተር በድምሩ 18 ዋት ይሆናሉ። ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር-ሰዓት ባትሪ 84 ዋት-ሰዓት ይይዛል፤ የእርሳስ ባትሪ እስከ መጨረሻው ቢራገፍ ዕድሜው ስለሚያጥር ግማሹን ብቻ ብንቆጥር ከሁለት ሰዓት ጥቂት ያልፋል። ባለ 40 አምፒር-ሰዓት ባትሪ በተመሳሳይ ስሌት አሥራ ሦስት ሰዓት፣ ማለትም ሙሉ ሌሊት ያቆያል። ብዙዎቹ ካሜራዎችና ራውተሮች በ12 ቮልት ስለሚሠሩ ኢንቬርተር ላያስፈልግ ይችላል፤ ሽቦው ረጅምና ቀጭን ከሆነ ግን ካሜራው ጋ ሲደርስ ቮልቴጁ ይወርዳል። በሩ ከቤቱ ለራቀ ግቢ የኔትወርክ ገመድ ይመረጣል፤ አንድ ገመድ ምስልና ኃይልን በአንድነት እስከ 100 ሜትር ይወስዳል፤ ዋይፋይ ግን የቆርቆሮ አጥርና ግድግዳ በመጣበት ቁጥር ይዳከማል።

በጊንጪው ግቢ የተደረገው ማስተካከያ በዚህ መሠረት ነበር። ራውተሩ ሲም ካርድ በሚቀበል ተተካ፤ እሱና ካሜራዎቹም ጓዳ ውስጥ ከተቀመጠ አንድ ባለ 40 አምፒር-ሰዓት ባትሪና ቻርጀር ጋር ተያያዙ። ከሁሉም የበለጠ ወጪ የጠየቀው ባትሪው ነው። ካሜራዎቹ አልተቀየሩም። የሜሞሪ ካርድ ማስገቢያ ከመጀመሪያውም ነበራቸው፤ ባዶ ነበር።