ከጥገና በኋላ ያልተፈተነ ፍሬን፦ የአዲስ ሸራ መብሰል በትንንሽ አውሮፕላኖች

የፍሬን ሸራው የተለወጠለት ትንሽ አውሮፕላን ሃንጋር ውስጥ ቆሞ ፔዳሉ ሲረገጥ ጠንካራ ሆኖ ከተገኘ፣ ጥገናው እንደተጠናቀቀ ሊቆጠር ይችላል። ይሁን እንጂ የፔዳሉ ጥንካሬ የሚያመለክተው በሃይድሮሊክ መስመሩ ውስጥ አየር አለመቅረቱንና ግፊቱ መያዙን ነው። ሸራው ዲስኩን ጨብጦ የማቆም አቅም እንዳለው አያረጋግጥም።

በሴስና 172 እና በመሰል አውሮፕላኖች የተለመደው ኦርጋኒክ ሸራ በሙጫ የተያያዘ ድብልቅ ነው። ሙጫው በመጠነኛ ሙቀት በስሎ በሸራው ገጽ ላይ ስስ ሽፋን መፍጠር አለበት። ከዚያ በፊት ፍሬኑ በኃይል ከተያዘ ገጹ ይከስላል፤ የከሰለ ሸራም ተገቢውን የሰበቃ ኃይል አይሰጥም። ስለዚህ የክሊቭላንድ ፍሬኖች የጥገና መመሪያ፣ ሞተሩ በደቂቃ 1,700 ዙር እየሠራ፣ ፍጥነቱ በፍሬን በሰዓት ከ8 እስከ 16 ኪሎ ሜትር ተገድቦ፣ አውሮፕላኑ 450 ሜትር ያህል በመሬት ላይ እንዲነዳ ያዛል። ፍሬኑ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ከቀዘቀዘ በኋላ ዋናው ፈተና ይከተላል፦ ሞተሩ በከፍተኛ ኃይል ሲሠራ ፍሬኑ አውሮፕላኑን ይዞ ማቆየት አለበት። ካልያዘ፣ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ ሂደቱ ይደገማል። የብረት ድብልቅ ሸራ ግን በተቃራኒው ከ30 እስከ 35 ኖት ፍጥነት ላይ ሁለት ጊዜ በተከታታይ፣ በመካከሉ ሳይቀዘቅዝ፣ እስከ መቆም ድረስ ይያዛል። የአንዱን ሥርዓት በሌላው ላይ መፈጸም አዲሱን ሸራ ማበላሸት ነው።

ክፍተቱ የሚፈጠረው በኃላፊነት ሽግግር ላይ ነው። ሸራውን የሚለውጠው ቴክኒሺያኑ ሲሆን፣ ከጥገና የወጣውን አውሮፕላን አብዛኛውን ጊዜ የሚነዳው አብራሪው ነው። በመዝገቡ ላይ «ሸራ ተለውጧል» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ፣ አብራሪው እንደወትሮው ይነሣል፤ አዲሱ ሸራ የመጀመሪያውን ከባድ ሙቀት የሚያገኘውም በማረፊያው ላይ ይሆናል። የፊት ጎማው ከፔዳሎቹ ጋር ባልተያያዘው ዳይመንድ ዲኤ40 ጉዳቱ ይብሳል፤ በዝግታ ሲነዳ አቅጣጫው የሚጠበቀው የግራና የቀኝ ፍሬኖችን ለየብቻ በመርገጥ ነውና። ከፍታም ጫና ይጨምራል። እንደ አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ማረፊያ፣ አየሩ በመሳሳቱ፣ በፍጥነት መለኪያው ላይ ያው ንባብ እያለ የአውሮፕላኑ የእንቅስቃሴ ጉልበት ከባሕር ጠለል ይልቅ በሩብ ያህል ይበልጣል።

ስለዚህ ቴክኒሺያኑ ሂደቱን ራሱ ካላከናወነ፣ የሸራውን ዓይነትና ገና አለመብሰሉን በመዝገቡ ላይ ማስፈር፣ በፔዳሎቹ ላይም የማስጠንቀቂያ ምልክት ማንጠልጠል ይኖርበታል። ምልክቱ የሚነሣው የሞተር ኃይል ፈተናው ከታለፈ በኋላ ነው።