ዓሣን መብላት በብልሃት፤ ማኖርስ?

(ለመካከለኛ አኳሪየም የሚስማማ ዓሣ ስለ መምረጥ)



«ዓሣን መብላት በብልሃት» የሚባለው አጥንቱ ተፈርቶ ነው። በመስተዋት ውስጥ ማኖሩ ግን የባሰ ብልሃት እንደሚጠይቅ የተረዳሁት ከራሴ ጥፋት ነው። በማስተማር ልምምድ ጊዜ ለሳይንስ ትምህርት ይሆነኛል ብዬ፣ ከዝዋይ ሐይቅ ዳር ስድስት የቆሮሶ ጫጩቶችና አንድ ስንዝር የሚያህል አምባዛ በጀሪካን አመጣሁ። ልጆቹ ለእያንዳንዱ ስም አወጡለት። ሰኞ ጧት ስንገባ ከስድስቱ ቆሮሶ ሁለቱ ብቻ ቀርተዋል። አንዲት ተማሪ «ጋሼ፣ አብረው ይኖራሉ ብለውን አልነበረም እንዴ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ሌላው ሰልጣኝ እንደኔ እንዳያፍር ያጠናሁትን ከዚህ በታች አቀርባለሁ።

ሀ/ ከዓሣው በፊት ውሃውን ማወቅ

መካከለኛ የሚባለው የቤት አኳሪየም 100 ሊትር ገደማ ይይዛል። ርዝመቱ 80፣ ወርዱ 35 ሳ.ሜ. ሆኖ ውሃው 35 ሳ.ሜ. ቢሞላ፣ 80 × 35 × 35 = 98,000 ሳ.ሜ. ኩብ፣ ማለት 98 ሊትር ይሆናል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሚመዝን ጠረጴዛው ኩንታል ተሸከመ ማለት ነው። እግሩ የሚነቃነቅ ጠረጴዛ አይሞከርም።

ሁለተኛው ነገር ከፍታ ነው። ወልቂጤ ከባሕር ወለል በላይ 1,900፣ ቡታጅራ ደግሞ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት ስለሚቀንስ፣ ሙቀቱ እኩል በሆነ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክሲጅን በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። በውጭ መጻሕፍት የተጻፈውን የዓሣ ቁጥር እንዳለ መገልበጥ ስለዚህ አያዋጣም፤ ቀነስ ማድረግ ነው። ሌሊቱም ይበርዳል።

ለ/ የዓሦቹ ጠባይ

1. አምባዛ፦ ሲገዛ ትንሽ ነው፤ ሲያድግ ግን ከአንድ ሜትር ሊበልጥ ይችላል። አየር ከላይ መተንፈስ ስለሚችል በቀላሉ አይሞትም፤ አፉ የቻለውን ሁሉ ግን ይውጣል። ለኛ አይሆንም።

2. ቆሮሶ (ቲላፒያ)፦ ከ30 ሳ.ሜ. በላይ ያድጋል። ወንዱ ለመራባት ሲዘጋጅ አሸዋውን እየቆፈረ ሌላውን ያባርራል። እናቲቱ እንቁላሏን በአፏ ውስጥ ይዛ ማሳደጓ ግሩም ትምህርት ነው፤ ሆኖም ሰፊ ገንዳ ይፈልጋል።

3. ወርቃማ ዓሣ፦ ብርድ ይችላል። ነገር ግን 20 ሳ.ሜ. ሊደርስና ሊያልፍም ይችላል፤ ውሃም ቶሎ ያቆሽሻል። ለ98 ሊትር ቢበዛ ሁለት፣ እነሱም እስኪያድጉ ነው።

4. ጋፒ፦ የደቡብ አሜሪካ ዓሣ ነው። ከ3 እስከ 5 ሳ.ሜ. ብቻ ነው፤ ጠበኛም አይደለም። እንቁላል ሳይጥል ልጁን ይወልዳል፤ በየወሩ ገደማ ስለሚወልድ ቶሎ ይሞላል። ከ22 እስከ 28 ዲግሪ ሙቀት ይስማማዋል።

5. ጋራ፦ ከተራራው ጋር ዝምድና የለውም፤ የሳይንስ ስሙ ነው። ከጉራጌ ደጋ ተነሥቶ ዝዋይ በሚገባው በመቂ ወንዝ የተሰየመ አንድ ዓይነት አለ፤ «ጋራ ማኪየንሲስ» ይባላል። ድንጋይ ላይ ተለጥፎ የሚኖር የወራጅ ውሃ ልጅ ስለሆነ፣ የአየር ፓምፕ በሌለበት ቆሞ በሚውል ውሃ ይሠቃያል።

6. ትንንሽ ባርበሶች፦ በዝዋይ የሚገኙ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ሳ.ሜ. የማይበልጡ፣ በመንጋ የሚሄዱ ናቸው። የሀገራችንን ደጋማ ውሃ ለምደውታል።

ሐ/ ምርጫው

ማሞቂያ ካለን ስምንት ወንድ ጋፒ፤ ብዛት እንዳያስቸግር ወንድ ብቻ። ማሞቂያ ከሌለን ስድስት ትንንሽ ባርበስ። ሁለቱን መደባለቅ አያስፈልግም። መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ሲቆም ዓሦቹ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከከፈቱ፣ ውሃውን በኩባያ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ አየር ያስገባል።

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው በክፍት ዕቃ አንድ ቀን ይደር። ዓሦቹም ባንድ ቀን አይገቡም። ከኩሳቸው የሚወጣው አሞኒያ መርዝ ነው፤ ይህን የሚለውጡት ባክቴሪያዎች እስኪራቡ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ስለዚህ መጀመሪያ ሁለት፣ ቆይቶ ሌላ ሁለት። በየሳምንቱ ሩቡን ውሃ መለወጥ፤ ምግቡም በሦስት ደቂቃ የሚያልቅ ይሁን።

ዓሣው ከበዛብን ዋቤም ሆነ መቂ ወንዝ ውስጥ መልቀቅ ፈጽሞ አይገባም። ዛሬ በዝዋይ የሚገኙት አምባዛና ካርፕ በሰው እጅ የገቡ ናቸው፤ አንዴ ከገባ ማን ለቅሞ ያወጣዋል?

መ/ የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 30፣ የውሃው ከፍታ 30 ሳ.ሜ. የሆነ አኳሪየም ስንት ሊትር ይይዛል?
2. ዓሣ ሲመረጥ የዛሬ መጠኑ ሳይሆን ያደገበት መጠን የሚታየው ለምንድን ነው?

ለልጅቱ በማግሥቱ መልስ ሰጠኋት። «አምባዛው አላጠፋም፤ ተፈጥሮው ነው። ያጠፋሁት አብሬ የከተትኳቸው እኔ ነኝ» አልኳት። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ በኋላ ስለ ዓሣ የጠየቁኝ ጥያቄ ካዘጋጀሁት ትምህርት ይበልጥ ነበር።