እሳትና እስትንፋስ

እሳት እንደ ሰው ይተነፍሳል። እኛ ከአየር ውስጥ የምንወስደው ኦክሲጅን ነው፤ እንጨትና ከሰልም ሲነዱ የሚወስዱት ይህንኑ ነው። ስለዚህ ማንደጃና ሰው በአንድ ዝግ ክፍል ካደሩ፥ ከአንድ ገበታ ይሻማሉ ማለት ነው።

ጉዳቱ በዚህ ቢበቃ ጥቂት ነበር። ከሰል ሲነድ፥ ይልቁንም አየር ሲያንሰው፥ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከደማችን ጋር የሚጣበቀውም ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ነው። ብዙዎቻችን ግን ከሰሉ ሲቀላ «ጭሱ አልቋል፥ ይግባ» እንላለን። ያለቀው የሚታየው ጭስ እንጂ መርዙ አይደለም።

የአባቶቻችን ጎጆ በዚህ ረገድ ብልሃት ነበረው። ጭሱ በሣር ክዳኑ ሾልኮ ይወጣል፤ ንጹሕ አየር በበሩና በግድግዳው ስንጥቅ ይገባል። እርግጥ ነው፥ ጭሱ ዓይንና ሳንባ ይጎዳል። ዛሬ በከተማ ግድግዳው ተለስኖ፥ ጣሪያው ኮርኒስ ለብሶ ሳለ፥ እኛ ክፍል የተከራየን ተማሪዎች በክረምት የመስኮቱን ስንጥቅ በጋዜጣ ወትፈን ከሰል እናስገባለን። እሳቱን ይዘን የአየሩን መንገድ ረሳን።

ቡኻሪ ያለው ቤትም ያለ አየር አይድንም። ትኩስ አየር ቀላል ስለሆነ በጭስ ማውጫው ይወጣል፤ በምትኩ ቀዝቃዛ አየር ካልገባ ግን ጭሱ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። ጭስ ማውጫው ሲደፈንም እንዲሁ ነው። ታላቁ የፈረንሳይ ደራሲ ኤሚል ዞላ እ.ኤ.አ. በ1902 ፓሪስ ውስጥ በመኝታ ክፍሉ የሞተው፥ የምድጃው ጋዝ መውጫ አጥቶ ስላፈነው ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ከሁሉ የሚሻለው ከሰልን ከቤት ውጭ ማንደድ ነው። እሳት በሚነድበት ክፍል ሁለት መተንፈሻ ይኑር፤ አንዱ ዝቅ ብሎ አየር የሚያስገባ፥ ሌላው ከፍ ብሎ የሚያስወጣ። ከእሳት ጋር ግን ከቶ አንተኛ፤ በአመድ የተዳፈነ ፍም እንኳ መርዙን አያቋርጥምና። ራስ ምታት፥ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ሲሰማን ድካም ነው ብለን ጋደም አንበል፤ ፈጥነን እንውጣ። የወደቀውንም ጓደኛ ወደ ንጹሕ አየር አውጥተን ሐኪም ቤት እናድርስ።

ብርድ በጋቢ ይመለሳል፤ አየር ግን ምትክ የለውም።