የዛሬ አጭር ትምህርት፦ በጥቂት ናሙና ብዙ መገመት

ባለፈው አንድ መኪና በቆሎ ስገዛ 5 ጆንያ ወግቼ አየሁ፤ ሁሉም ከኋላ፣ ጎን ለጎን። ደረቅ ነው ብዬ ከፈልኩ። ሲራገፍ መሃሉ እርጥብ! ከሰርኩ።

ነዳጅ ፈላጊዎችም ችግራቸው ይሄው ነው። ጉድጓድ ውድ ስለሆነ ጥቂት ቆፍረው፣ በመሃል ያለው ድንጋይ ምን ያህል ነዳጅ የሚይዝ ቀዳዳ እንዳለው ይገምታሉ። ዘዴው «ክሪጊንግ» ይባላል። መነሻው ደቡብ አፍሪካዊው የማዕድን መሐንዲስ ዳኒ ክሪግ እ.ኤ.አ. በ1951 በወርቅ ማዕድን ላይ የሠራው ጥናት ነው፤ ስሌቱን ያደራጀው ፈረንሳዊው ማተሮን።

ለኛ የሚጠቅመን፦
1. ቅርብ ናሙና ከሩቁ ይበልጥ ይመዝናል።
2. ተጠጋግተው የተወሰዱ 5 ናሙናዎች ከአንድ ብዙም አይበልጡም።
3. ከናሙናው በራቃችሁ ቁጥር ስህተቱ ይሰፋል፤ ከግምቱ ጋር እሱም ይጻፋል።

ስለዚህ በትነን እንውጋ። ያላየነው በበዛ ቁጥር ዋጋ ዝቅ አድርገን እንቅረብ።